ከነገሥታት ዘመን የተረፉ የቻይና ጎራዴዎች፦ የማሰባሰብና የመጠገን ማስታወሻ

ዕቅድ፦ በቻይና ነገሥታት ዘመን የተሠሩ 3 ወይም 4 መሣሪያዎች መግዛት፣ እያንዳንዱን ለክቶ መመዝገብ፣ ዝገቱን ማስቆም፣ የላላውን ማጥበቅ። በጀት 3,000 ዶላር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ሳምንት፦ የትኛው ዘመን?

መጀመሪያ የተጻፈው ዝርዝር ከሃን፣ ከታንግ፣ ከሶንግ፣ ከሚንግና ከቺንግ ሥርወ መንግሥታት አንዳንድ ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሰረዘ።

በቅድሚያ ስሙ ይጥራ። ጂየን ቀጥ ያለ ባለ ሁለት አፍ ነው፤ ዳኦ ባለ አንድ አፍ። ሰይፍና ጎራዴ ብሎ መተርጎም ይቻላል። ችግሩ የጥንቱ ዳኦ ጎባጣ አለመሆኑ ነው። የሃን ዘመን ዳኦ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ እጀታው ጫፍ ላይ የብረት ቀለበት ነበረው። በ1974 በሻንዶንግ የተገኘው አንዱ 111.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ብረቱ ላይ በወርቅ የተሞላው ጽሑፍ በ112 እንደተሠራና 30 ጊዜ እንደተጣራ ይናገራል። ጎባጣው ጎራዴ የተለመደው ከሞንጎሎች ዘመን ወዲህ ነው። ስለዚህ ሻጭ "የሃን ጎራዴ" ብሎ ቆልማማ ነገር ካሳየ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

የጥንቶቹን የተውንበት ምክንያት ዋጋ ብቻ አይደለም። የነሐስ ዘመን ሰይፍና የሃን ብረት የሚገኙት ከመቃብር ነው። የጥንቱ የዩዌ ግዛት ንጉሥ የጎውጂየን የነሐስ ሰይፍ በ1965 በሁቤይ ከመቃብር ሲወጣ ስለቱ እንደ ሰላ ነበር፤ ዛሬ ውሃን ከተማ ባለው የክፍለ ሀገሩ ሙዚየም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ላይ ከታየ ወይ ሐሰተኛ ነው ወይ ከመቃብር የተዘረፈ። ቻይና በ2007 ባወጣችው መመዘኛ ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ትከለክላለች። አሜሪካም ከጥር 2009 ጀምሮ እስከ ታንግ መጨረሻ (907) ያሉ የአርኪዮሎጂ ዕቃዎችን ያለ ፈቃድ አታስገባም። የታንግ ዘመን ጎራዴ በደህና ተጠብቆ ማየት የፈለገ ደግሞ መመልከት ያለበት ጃፓን፣ ናራ የሚገኘውን የሾሶኢን ግምጃ ቤት ስብስብ ነው።

የቀረልን ቺንግ ነው፤ ከ1644 እስከ 1912። በ1860ና በ1900 ጦርነቶች ወታደሮች ይዘዋቸው የወጡ፣ ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን የገዟቸው ብዙ ጎራዴዎች አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ቀርተዋል። የምንገዛው ከቻይና ውጭ የቆየና መምጫው በወረቀት ወይም በድሮ ፎቶ የሚታወቅ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ደንብ ምርጫውን በግማሽ ቢያጠበውም ከብዙ ጣጣ ያድናል።

2ኛ ሳምንት፦ መሣሪያና መለኪያ

ዲጂታል ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) 25 ዶላር፣ የወጥ ቤት ሚዛን 18፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር 12። ማግኔትና ሜትር ቤት ውስጥ ነበሩ። ድምር 55።

የቻይና ጎራዴ ዋና ፈተና የጀርባው ውፍረት ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ የቺንግ ብረት እጀታው ሥር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይወፍርና ወደ ጫፉ እየሳሳ 3 ወይም 2 ይደርሳል። አንጥረኛው ይህን ያደረገው ክብደቱ ወደ እጅ እንዲሰበሰብና ጎራዴው ቶሎ እንዲዞር ነው። ከላሜራ ተቆርጦ የተሠራ የዘመኑ ቅጂ ግን ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው፤ ማሳሳት ሰዓት ይፈጃል፣ ሐሰተኛ ሠሪ ደግሞ ሰዓቱን አያባክንም።

ለሻጭ የሚላከው ጥያቄ ይህ ሆነ፦ የጀርባ ውፍረት በ4 ቦታ (ሥሩ፣ አንድ ሦስተኛው፣ ሁለት ሦስተኛው፣ ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ)፤ ጠቅላላ ክብደት ያለ አፎት፤ ጀርባው ከላይ ሲታይ የሚያሳይ ፎቶ፤ የእጀታው ቆብ ጫፍ በቅርበት። ብረቱ እጀታውን ዘልቆ የሚወጣበትን ክፍል ከዚህ በኋላ ጭራ እንለዋለን። ጭራው ቆቡ ላይ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ምስማር ራስ መተኛት አለበት። ብሎን ከታየ አዲስ ነው፣ ወይም አዲስ እጀታ ተገጥሞለታል።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው ስሕተት

ደንቡ ተጽፎ ሳለ ተጣሰ። "የቺየንሎንግ ዘመን" የተባለ ዳኦ በ340 ዶላር ተገዛ፣ ማጓጓዣ 55። ሻጩ የውፍረቱን ቁጥር አልላከም፤ ፎቶው ስለሚያምር ብቻ ታለፈ።

ሲደርስ፦ 1,390 ግራም። ጀርባው ሥሩ ላይ 5.1፣ ጫፉ ላይ 4.9። የእጀታው ቆብ በእጅ ሲዞር ተፈታ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ዘንግ ከብረቱ ጋር በብየዳ ተያይዟል። የእጅ መከለያው ሳህን ላይ ያሉት ዘንዶዎች በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ቅርፊታቸው መካከል ትንንሽ የአረፋ ጉድጓዶች አሉ፤ በመውቀሪያ የተቀረጸ ሳይሆን በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ዝገቱ ብርቱካናማ፣ ዱቄት የመሰለ፣ ሁሉም ቦታ እኩል የተረጨ። የድሮ ዝገት እንደዚያ አይደለም፤ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብረቱን የሙጥኝ ብሎ ይይዛል፣ ሰው በተደጋጋሚ በነካበት ቦታ ይበዛል፣ ሌላው ቦታ ንጹሕ ይቀራል። ብረቱ ላይ የንጉሡ ዘመን ስም በማሽን ተቀርጿል። ቺየንሎንግ (ከ1735 እስከ 1796 የነገሠ) ለራሱ ያሠራቸው ጎራዴዎች ጽሑፋቸው በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የተሞላ ነው፤ አንዱ ለጨረታ ሲቀርብ ሚሊዮኖች ያወጣል። በ340 አይሸጥም።

ገንዘቡ አልተመለሰም። ዕቃው አልተሸጠም፤ ለማነጻጸሪያ ተቀምጧል፣ በኋላም ብርጭቆ ወረቀትና አሲድ ለመሞከሪያ ጠቅሞናል።

6ኛ ሳምንት፦ ኒውዌይዳኦ፣ የበሬ ጅራት

420 ዶላር፣ ማጓጓዣ 40። ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፉ ቀደም ብሎ ሰፋ ይላል። ውፍረት 6.3፣ 4.8፣ 3.1፣ 1.9። ክብደት 760 ግራም። ጭራው የተቀጠቀጠ፣ እጀታው አልላላም። ሥራ አልጠየቀም ማለት ይቻላል፤ በዘይት ተጠረገ፣ ሰም ተቀባ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ያስፈልጋል። ፊልም ላይ የሚንግ ወታደር የሚይዘው ሁልጊዜ ይህን ቅርጽ ነው። ኒውዌይዳኦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲቪል ጎራዴ ነው፤ ጠባቂዎች፣ የሰፈር ሚሊሻዎችና የትግል አስተማሪዎች የያዙት። የመደበኛው ጦር መሣሪያ ሆኖ አያውቅም። "የሚንግ" ተብሎ ሲሸጥ ከታየ የሻጩ ዕውቀት ያን ያህል ነው። በ1930ዎቹ የጃፓንን ጦር የተዋጉ ወታደሮች የያዙት ሰፊውና እጀታው ለሁለት እጅ የሚበቃው ዳዳኦም "የጥንት ገዳይ ጎራዴ" እየተባለ ይቀርባል። ያ ከነገሥታቱ በኋላ የመጣ ነው፤ የራሱ ክብር አለው፣ ግን ከዚህ ስብስብ ውጭ ነው።

8ኛ ሳምንት፦ ሊዩየዳኦ ገባ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሊዩየዳኦ የአኻያ ቅጠል ጎራዴ ማለት ነው፤ ጉብጠቱ ከሥር እስከ ጫፍ ለስላሳ የሆነ፣ የቺንግ ወታደር ከወገቡ የሚያንጠለጥለው። 1,150 ዶላር፣ ማጓጓዣ 60። የበጀቱ ትልቁ ድርሻ እዚህ የገባው ሆን ተብሎ ነው፤ የተጌጠ አፎት ካለው መካከለኛ ብረት ይልቅ አፎት የሌለው ጥሩ ብረት ይሻላል።

ርዝመት 72 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋት ሥሩ ላይ 31 ሚሊ ሜትር። ውፍረት 7.4፣ 6.0፣ 4.9፣ 3.6። ክብደት 815 ግራም። ሚዛኑ የሚቆምበት ነጥብ ከመከለያው 15 ሴንቲ ሜትር። በሁለቱም ጎን ጀርባውን ተከትሎ የሚሄድ ቦይ አለ። ሥሩን የሚያቅፈው የነሐስ አንገትጌ (ቱንኮው፣ "የሚውጥ አፍ" ማለት ነው) አልጠፋም።

ጉድለት፦ የግራው ጎን መካከል 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀይ ዝገት። የእጀታው መጠቅለያ ገመድ የለም። የእጀታው እንጨት በርዝመቱ ተሰንጥቋል፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወዛወዛል። አንገትጌው ዙሪያ አረንጓዴ።

ከመነካቱ በፊት 46 ፎቶ ተነሣ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን። ይህ አይዘለል፤ ከተጠረገ በኋላ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሌላ ነገር የለም።

9ኛና 10ኛ ሳምንት፦ ዝገቱ

ዝገት ሁለት ነው። ጥቁሩ ጥብቅና የተረጋጋ ነው፣ ብረቱንም እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ አይነካም። ቀዩ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሥሩም እየበላ ይሄዳል፤ የሚወገደው እሱ ነው።

የተከተልነው፦ ቀዩ ክፍል ላይ በቀላል የማሽን ዘይት የራሰ ጥጥ ተደርጎ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ 48 ሰዓት ቆየ። ከዚያ እንደ መፋቂያ በተሾለ ቀርከሃ ተፋቀ። ቀርከሃ ያልደፈረውን የመዳብ ሳንቲም ጠርዝ አነሣው፤ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭርም። መጨረሻ 0000 ቁጥር (እጅግ ቀጭን) የብረት ሱፍ በዘይት፣ ሁልጊዜ በርዝመቱ። ክብ እየሠሩ መፈተግ ብርሃን ላይ የሚታይ ጭረት ይተዋል። አንድ ዙር አይበቃም፤ 4 ጊዜ ተደገመ።

ስሕተት፦ ሦስተኛው ዙር ላይ ትዕግሥት አለቀና የፎስፎሪክ አሲድ ጄል 3 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ለ2 ሰዓት ተቀባ። ቀዩ ሄደ፣ ጥቁሩም አብሮ ሄደ። የቀረው የደበዘዘ፣ አመድ የመሰለ ግራጫ ነው፣ ዙሪያው ካለው ጥቁር ቆዳ ጋር አይመሳሰልም። በሻይ ቅጠልም በሌላም ማጥቆር ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም የሐሰተኛ ሠሪዎች ሥራ እሱ ስለሆነ አልተሞከረም። እንዳለ ተትቷል፣ መዝገቡ ላይም ተጽፏል። አቼቶና ሎሚም እንደዚሁ ናቸው። አሲድ ዝገቱን ከብረቱ አይለይም፤ በተለይ ጠንካራውና ለስላሳው ብረት የተያያዙበትን መስመር ቀድሞ ይበላል።

ነሐሱ በአልኮልና በቀርከሃ ብቻ ተጠረገ። የነሐስ ማንጸባረቂያ ቅባት አንገትጌው ሥር ገብቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ስለሚቀር አይሻም።

ማረጋገጫ፦ ጎራዴው ነጭ ወረቀት ላይ 10 ቀን ተኛ። ብርቱካናማ ዱቄት ከረገፈ ወይም ዝገቱ "ካለቀሰ"፣ ማለት ትንንሽ ቡናማ ጠብታ ካወጣ፣ ውስጡ ጨው አለ ማለት ነው፤ ያኔ ሥራው የባለሙያ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

11ኛ ሳምንት፦ መስኮት

ብረቱን በሙሉ ማንጸባረቅ የብዙ ሰው ፈተና ነው። እኛ 4 ሴንቲ ሜትር መስኮት ብቻ ከፈትን፣ ከእጀታው 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ የብረቱን አሠራር ለማየት።

ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ቁጥር 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። በመጀመሪያ በሐሰተኛው ጎራዴ ላይ ተለማመድን፤ ወረቀቱን በጣት ተጭኖ መፈተግ የቦዩን ጠርዝ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ያ ሹል መስመር አይመለስም። ስለዚህ ወረቀቱ ጠንካራ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ እንጨቱም የቦዩን ቅርጽ ይዞ ተቀረጸ። ጎራዴውን ሞርሳ ላይ ለማሰር የሞርሳው ሁለት ከንፈር በእንጨትና በቆዳ መሸፈን አለበት፤ ማጥበቁም ትንሽ ብቻ። ቁጥር ሲቀየር የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ከ600 ወደ 800 ተቻኩለን አንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሰናል።

2000 ላይ ሲደርስ በውሃ 1 ለ 10 የቀጠነ ፌሪክ ክሎራይድ (ብረትን በስሱ የሚበላ ፈሳሽ) በጥጥ ለ20 ሴኮንድ ተነካ፣ ወዲያው በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ተቋረጠ፣ በአልኮል ታጥቦ ደርቆ ዘይት ተቀባ። ጓንትና መስኮት የተከፈተበት ክፍል ያስፈልጋል።

የታየው፦ ከስለቱ ወደ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ጥቅጥቅ ያለ ጠቆር ያለ ብረት፣ ከዚያ የተወዛወዘ መስመር፣ ከመስመሩ በላይ እንደ እንጨት ደም ሥር የሚሄድ ተደራራቢ ብረት። አንጥረኛው ለስላሳውን ብረት ሰንጥቆ ጠንካራውን ብረት እንደ ሽብልቅ መካከል ከትቶታል። ችየንጋንግ ይባላል። ስለቱ ጠንካራ ሆኖ ይሰላል፣ ገላው ለስላሳ ሆኖ ሳይሰበር ይታጠፋል። ያ የሚወዛወዝ መስመር ከመዶሻው ምት የመጣ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ከፍና ዝቅ ብሏል፣ አንድ ቦታ ላይ ስለቱን ሊነካ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል። ስሙ ያልተጻፈ አንጥረኛ እጅ እዚያች 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በግልጽ ይታያል። በአሲድ ብቻ የተሳለ የሐሰተኛ ዳማስቆ (ተደራራቢ ብረት የሚመስል) ሥዕል ግን ስለቱን፣ ጀርባውንና ቦዩን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይሸፍናል፣ የተለየ ስለት የለውም።

12ኛ እስከ 15ኛ ሳምንት፦ እጀታ

የላላ እጀታ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ቆቡን ነቅሎ እንደገና መግጠም ነው። አይደረግም። ቆቡን ለመንቀል የተቀጠቀጠው የጭራ ራስ በሊማ መወገድ አለበት፤ ያኔ ጭራው ያጥራል፣ መልሶ የሚቀጠቀጥ ብረት አይተርፍም፣ የመጀመሪያው አንጥረኛ ምልክትም ይጠፋል።

ኢፖክሲም (ሰው ሠራሽ ጠንካራ ማጣበቂያ) አይገባም፤ ከገባ አይወጣም። የተመረጠው ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ኮላ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ልፍታው ቢል በሙቅ እርጥበት ይለቃል። ጥሬው በቀዝቃዛ ውሃ አድሮ በ60 ዲግሪ ይሞቃል። ከ70 ካለፈ ጉልበቱን ያጣል፤ የመጀመሪያው ስኒ በቀጥታ እሳት ላይ ስለተጣደ ተበላሽቶ ተደፋ።

ሌላው ጉዳይ ኮላው ውሃ ያለው መሆኑ ነው፣ ጭራውን ያዝገዋል። መፍትሔው በስንጥቁ በኩል በቀጭን ብሩሽ ጭራውን መጀመሪያ ሰም መቀባት። ኮላው ሰም የተቀባውን ብረት ስለማይይዝ እንጨቱን ከእንጨት ብቻ ያጣብቃል፣ የተፈለገውም ይኸው ነው። ከዚያ 0.8 ሚሊ ሜትር ወፍረው ጫፋቸው የሳሳ 3 የቀርከሃ ሽብልቆች ኮላ ተቀብተው በመከለያው በኩል በስሱ ተገፉ፣ በመዶሻ አይደለም። ስንጥቁ በሲባጎ ተወጥሮ 24 ሰዓት ታሰረ። ውዝዋዜው ቆመ።

መጠቅለያ፦ እጀታው 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ዙሪያው 9.5። በ3 ሚሊ ሜትር ገመድ 43 ዙር ይመጣል፤ 43 ሲባዛ በ9.5 አራት ሜትር ከ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከቋጠሮው ጋር 5 ሜትር። በመጀመሪያ ናይለን ተሞከረ፤ እንጨቱ ላይ ተንሸራቶ በማግሥቱ ላላ። ከዚያ የጥጥ ገመድ ተገዛ፣ ግን ሳይወጠር ስለተጠቀለለ እሱም በሳምንቱ ላላ። ሦስተኛው ያዘ፦ ገመዱ 2 ኪሎ ክብደት ተንጠልጥሎበት አደረ፣ ከዚያ ተጠቀለለ። እጀታውን አቋርጦ የሚያልፈው የማሰሪያ ክር ቀዳዳ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ያሻል፤ ወታደሩ ጎራዴው ከእጁ እንዳያመልጥ ክር የሚያስርበት ነው። እኛ በ22ኛው ዙር ላይ ሸፍነነው ፈትተን ጀመርን።

17ኛ ሳምንት፦ ጂየን

480 ዶላር፣ ማጓጓዣ 40። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሲቪል ሰይፍ፣ በዠጂያንግ ሎንግችዋን ከተማ ዓይነት የተሠራ። ብረቱ ላይ 7 የነሐስ ነጥቦች አሉ፣ የሰሜኑን የ7 ከዋክብት ስብስብ ያሳያሉ። ነጥቦቹ ብረቱን ዘልቀው በሁለቱም ጎን መታየታቸው ተረጋገጠ፤ በቀለም የተነጠበ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ያለ ያጠራጥራል። ሎንግችዋን ዛሬም ሰይፍ የሚሠራ ከተማ ነው፣ የከተማው ስም ብረቱ ላይ መኖሩ ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። አፎቱ ውስጥ ነፍሳት የበላው እንጨት ነበረ፤ ሰይፉ ተለይቶ ተቀመጠ።

20ኛ ሳምንት፦ ማስቀመጥና ሒሳብ

ጎራዴ በአፎቱ ውስጥ አይከርምም፤ እንጨቱ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው ደግሞ አሲድ አለው። ሦስቱም ዘይታቸው በአልኮል ተጠርጎ በማይክሮ ክሪስታል ሰም ሁለት ጊዜ ተቀቡ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ በጊዜም ይፈሳል። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ። በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ላብ በሁለት ቀን ቀይ አሻራ ያወጣል።

ግዢና ማጓጓዣ 2,585 (ሐሰተኛውን ጨምሮ)። መለኪያ 55። ፍጆታ 95፦ ሰም 28፣ ብርጭቆ ወረቀት 16፣ ገመድ 14፣ ኮላ 11፣ ዘይት 9፣ ሲሊካ 9፣ የብረት ሱፍ 8። ድምር 2,735፤ ተራፊ 265።

የቀረ ሥራ፦ የሊዩየዳኦው አዲስ አፎት። ሁለት ማንጠልጠያ ያለው፣ ከቀላል እንጨት በሁለት ፍልጥ የሚቦረቦር። የመጀመሪያው ሙከራ ጉብጠቱ ከብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ስቶ ስለቱ ግድግዳውን ነካው። የሚቀጥለው ከመቦርቦሩ በፊት የብረቱ ቅርጽ በካርቶን ይወሰዳል። የዝገት ፍተሻ በየ3 ወሩ፣ የግራጫው ቦታ ፎቶ በየጊዜው አብሮ ይነሣል።